ለድኻ ማደሪያ ስለ መስጠት

በቆሎ ተማሪነት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ቁራሽ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ የመሸበትን የሚያሳድር ግን ጥቂት ነው። ቁራሽ የሰጠ ድኻውን ከደጁ ይሸኘዋል፤ ማደሪያ የሰጠ ግን ከቤተ ሰቡ ጋራ ይቈጥረዋል። ይህን የከበደ ሥራ መንግሥት በእጁ በያዘው ጊዜ ምን እንደ ሆነ ከጥንት ታሪክ እንመልከት።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ362 ዓ.ም. በእኛ ዘንድ ከሃዲ የሚባለው የሮም ንጉሥ ዑልያኖስ፥ ለገላትያ የጣዖት ካህናት አለቃ ለአርሳክዮስ ደብዳቤ ጽፎ በየከተማው የእንግዳ ማደሪያ እንዲሠራ አዘዘ። ለዚሁም በየዓመቱ በሮማውያን ቁና 30,000 ስንዴና 60,000 መስፈሪያ የወይን ጠጅ ቈረጠ፤ አምስተኛው እጅ ካህናቱን ለሚያገለግሉ ድኾች፥ የቀረው ለእንግዶችና ለለማኞች እንዲሆን ነው። ክርስቲያኖች ከራሳቸው ድኾች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ ብሎ ማፈሩን፥ ደብዳቤውን ያቈየልን ሶዞሜኖስ ይነግረናል። የራሱ ሃይማኖት ሰዎች ይህን አገልግሎት ስላልለመዱት፥ እንዲያዋጡ አስተምራቸው ሲል አዘዘው። ነገር ግን በ363 በፋርስ ዘመቻ ቈስሎ ሞተ፤ አሳቡም ሥር ሳይሰድ ቀረ።

በ369 ገደማ በቀጰዶቅያ ረኃብ ሆነ። ያን ጊዜ ቄስ የነበረው ባስልዮስ፥ ጐተራቸውን የቈለፉትን ባለጠጎች እየገሠጸ የተራቡትን መገበ። በ370 ኤጲስ ቆጶስ ከተሾመ በኋላ ግን በምግብ ብቻ አልቆመም፤ ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለመንገደኛ፥ ለበሽተኛና ለለምጻም ቤት ሠራ። ሐኪሞችና አስታማሚዎች፥ የጭነት ከብትና መንገድ መሪዎች፥ የእጅ ሥራ ቤቶችም ነበሩበት። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው። ዘመድ የሸሻቸውን ለምጻሞች ባስልዮስ ራሱ እየሳመ ይቀበላቸው ነበር።

ይህም ቢሆን ያለ መንግሥት አልጸናም። በሃይማኖት የሚቃወመው ንጉሥ ዋሌንስ እንኳ ለእነዚሁ ድኾች መሬት እንደ ሰጠ ቴዎዶሪጦስ ጽፎአል። ከሳሾችም ወደ አገረ ገዢው ወደ ኤልያስ በሄዱ ጊዜ፥ ባስልዮስ ሥራው በሕዝብ ጉዳይ ላይ ጉዳት እንደሌለው በደብዳቤ ተከራከረ፤ የግብር ሹሞችንም የድኾች ቤት ከግብር ነፃ እንዲሆን ለመነ። በ6ኛው ምዕት ዓመት ደግሞ ንጉሥ ዮስጢኒያኖስ የእነዚህ ቤቶች ርስት እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለ።

እንግዲህ ንጉሥ ስንዴ ቢቈርጥ፥ በሽተኛውን የሚያነሣ እጅ ያስፈልገዋል፤ የሚያነሣውም እጅ መሬትና ሕግ ካላገኘ ቤቱ ይፈርስበታል። ከቅኔ ሁሉ የምታንሰው ጉባኤ ቃና እንኳ ያለ ሁለት ቤት አትቆምም። ዛሬም ለችግረኛ ቤት በተሠራ ጊዜ፥ ስንት ቤት ተሠራ ብለን ከቈጠርን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ በውስጡ የሚያድረውን ሰው በስሙ የሚጠራው ማን ነው?