ጠገራ፣ ስሙኒ እና ሳንቲም የሚጎርሰው ማሽን

ሳንቲም ሲያጎርሱት ውኃ፣ ማስቲካ ወይም ብስኩት የሚሰጥ ማሽን በሸዋ ሮቢት አይቼ አላውቅም። ፈረንጆች «ቬንዲንግ ማሽን» የሚሉት ይህ ሻጭ አልባ ሱቅ ከእኛ ከተማ ለምን እንደቀረ ወዳጆቼን ብጠይቅ አንዱ ሙቀቱን፣ ሌላው የመብራቱን መቆራረጥ ያነሣሉ። ሙቀቱ እውነት ነው። ይፋት ቆላ ነው፤ በግንቦት ቀትር በሸዋ ሮቢት ቸኮላት የሚጠጣ እንጂ የሚቆረጠም ነገር አይደለም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን የማየው በገንዘቡ በኩል ነው። ያ ማሽን ከመሸጡ በፊት ማመን አለበት። የገባለትን ሳንቲም ካላመነ ዕቃውን አይለቅም። ስለዚህ የማሽኑ ታሪክ ከብረትና ከኤሌክትሪክ ታሪክነቱ ይልቅ ሳንቲምን የማመንና ያለማመን ታሪክ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መሣሪያ የተገለጸው በእስክንድርያ ነው፤ አዎን፣ አባቶቻችን ጳጳስ ሲያስመጡባት በኖሩት በዚያችው እስክንድርያ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሄሮን የተባለ የመካኒክ ሊቅ፣ ሳንቲም ካልገባበት ውኃ የማያፈስ የቤተ መቅደስ ማሰሮ በመጽሐፉ አስፍሯል። አሠራሩ ቀላል ነው። አምስት ድራክማ የምትመዝን ሳንቲም በቀዳዳው ስትገባ በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ትወድቃለች፤ ዘንጉ በክብደቷ ሲያዘነብል የውኃው መክደኛ ይነሣል፤ ሳንቲሟ ተንሸራትታ ስትወድቅ ዘንጉ ይመለሳል፤ ውኃውም ይቆማል። ልብ በሉ፤ ይህ መሣሪያ የሚያውቀው ክብደትን ብቻ ነው። በሳንቲሟ ላይ የማን መልክ እንደተቀረጸ፣ ሰጪው ጻድቅ ይሁን ኃጥእ አይጠይቅም። ተመሳሳይ ክብደት ያላት የእርሳስ ቁራጭ ብትገባለትም ያው ውኃውን ያፈስላት ነበር።

እኛስ? አክሱም ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምራ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ስትመታ ቆይታ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ አቆመች። ከዚያ በኋላ የሐረር አሚሮች ካስመቱት መሐለቅ በስተቀር፣ የደጋው ነገሥታት እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳንቲም አልመቱም። እዚህ ላይ የይፋት ሰው ደረቱን ነፋ የሚያደርግበት ነገር አለ። በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሀገራችን ሙስሊም ግዛቶች የጻፈው አረባዊ ደራሲ አልዑመሪ፣ የይፋት ሰዎች በግብፅ ዲናርና ድርሃም እንደሚገበያዩ መዝግቧል። በይፋት ሳንቲም የሚመታበት ቤት አልነበረም፤ ገንዘቡን የሚያመጡት ነጋዴዎች ነበሩ። የወላስማ ነገሥታት ከተሞች ከነበሩት መካከል የኖራና የአስበሪ ፍርስራሾች ዛሬም በይፋት ተዳፋት ላይ አሉ፤ የኖራን የመስጊድ ግድግዳ ያየ ሰው፣ በዚያ ድንጋይ ሥር ስንት ድርሃም ከእጅ ወደ እጅ እንዳለፈ ማሰቡ አይቀርም።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በዚሁ ምድር የምናገኘው ገበያ ግን ሌላ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ የቆላውና የደጋው መገናኛ ነበረች። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራውና ኦሮሞው በሚገናኙበት በዚያ ገበያ ሁለት ገንዘብ ይዘዋወር ነበር፤ አሞሌ ጨውና የኦስትሪያዊቷ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር። አሞሌ ለጥቃቅኑ፣ ጠገራ ለትልልቁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ክርክር ነው። አሞሌ ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ጫፉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ባለቤቱን ርጥብ እጅ የሚያስፈራው ገንዘብ! ይህን በየትኛው ቀዳዳ ታስገቡታላችሁ?

ጠገራው ደግሞ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ስፋቱ አራት ሳንቲሜትር ገደማ ነበር። በላዩ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ከሞተች በኋላ በቪየናም በሌሎች ከተሞችም ለመቶ ዓመታት ተመታ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሎኒ ሀገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም አስመታው። ተቀባዩ ግን በዓመቱ አይታለልም። የሸዋ ነጋዴ ጠገራውን ሲቀበል በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቆች ይቆጥር፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ በጥፍሩ ይዳስስ ነበር። ዕንቆቹ ያረጁበትን ወይም የደበዘዙበትን ይመልሳል። ዛሬ በማሽን ውስጥ በማግኔትና በብርሃን የሚሠራው የሳንቲም መርማሪ ያኔ በአልዩ አምባ በሰው አውራ ጣት ላይ ነበር። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ብር እንኳ ያንን አውራ ጣት በቀላሉ አላሸነፈውም፤ ሰው የለመዳትን ሴትዮ አልለቅም አለ።

በአውሮፓ በዚሁ ዘመን ማሽኑ እንደገና ተወለደ። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚጥመው ግን ከቸኮላቱና ከማስቲካው በፊት የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ለንደን ውስጥ ሪቻርድ ካርላይል የተባለ አሳታሚ የተከለከሉ መጻሕፍትን የሚሸጥ መሣሪያ አቆመ። ገዢው ጠቋሚውን ወደሚፈልገው መጽሐፍ ያዞራል፣ ገንዘቡን ያስገባል፣ መጽሐፉ ይወድቅለታል። ዐላማው ግልጽ ነው፤ «ማን ሸጠልህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው እንዳይኖር። ፍርድ ቤቱ በዚህ አልተታለለም፤ የካርላይል ሠራተኛ ተፈረደበት። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብ እንዲህ ያለ ማሽን በፒያሳ ቢቆም ኖሮ መጨረሻው ምን ይሆን እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ። ማሽኑ ራሱ መታሰሩ አይቀርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ፐርሲቫል ኤቨሪት በእንግሊዝ የፖስታ ካርድ የሚሸጥ ማሽን ሠራ፤ በ1888 ቶማስ አዳምስ በኒውዮርክ የባቡር መሳፈሪያዎች ማስቲካውን በማሽን መሸጥ ጀመረ። ከእነርሱ ጋር አብሮ ሐሰተኛው ሳንቲም መጣ። የማሽን ነጋዴ ዋና ጠላት ሌባ አልነበረም፤ የሳንቲም መጠን ያላት ክብ ብረት ናት። ይህ ችግር እስከ ቅርብ ጊዜ አልለቀቀም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያ 500 ዎን ሳንቲም ከጃፓን 500 የን ጋር ስፋቱ እኩል ስለ ነበረ፣ ዋጋው ግን የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ አጭበርባሪዎች ትንሽ እየፋቁና እየበሱ ክብደቱን አመሳስለው የጃፓንን ማሽኖች አራቆቷቸው። ጃፓን በ2000 እ.ኤ.አ. ሳንቲሙን ለመለወጥ ተገደደች።

ይህን ሳነብ የእኛ ስሙኒ ትዝ አለኝ። ጠላት ከወጣ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. በታወጀው አዲሱ ገንዘብ ውስጥ፣ ሃያ አምስት ሳንቲሙ ቀይ መዳብ፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ደግሞ ብር ነበር፤ መጠናቸው ተቀራራቢ። ብልጦች ስሙኒውን ነጭ ቅብ እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው አሳለፉት። መንግሥት መዳቡን ስሙኒ ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተወጣወጠ ሌላ ስሙኒ አወጣ፤ በጨለማም ቢሆን ጣት የሚለየው። በገበያችን ማሽን አልነበረም፤ ነገር ግን ችግሩም መፍትሔውም የማሽን ነበር። እነዚያ ሳንቲሞች እስከ አብዮቱ ድረስ ሲመቱ 1936 የሚለው ዓመታቸው አለመለወጡም ይገርመኛል። ከማሪያ ቴሬዛ የተማርነው ነገር ይሆን?

እኔ በልጅነቴ የማውቀው ብቸኛው ሳንቲም ጎራሽ ጆተኒ ነው። ስሙ ከጣልያንኛው «ጄቶኔ»፣ ማለትም በማሽን ከሚገባው ምልክት ሳንቲም፣ የመጣ ይመስለኛል። በቀዳዳው ሳንቲም ሲገባና እጀታው ሲሳብ ኳሶቹ ዱብ ዱብ ይላሉ። በእኛ ሰፈር የነበረው ጠረጴዛ ግን የሳንቲም መግቢያው ከተበላሸ ዘመናት ስለ ተቆጠሩ ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ሳንቲሙን በእጁ ይቀበልና ኳሶቹን በሽቦ ያወርድልን ነበር። ማሽኑን የሚያሠራ ሰው፣ የማሽኑን ሥራ የሚሠራ ሰው። የእኛ ሀገር የዚህ ንግድ ታሪክ በዚያ ሽቦ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሲጀምር እንኳ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ትኬቱን ግን በየጣቢያው አጠገብ በትንሽ ቤት የተቀመጠ ሰው ይሸጣል።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ጃፓን በ1967 እ.ኤ.አ. የብር የነበረውን መቶ የን በርካሽ ብረት መትታ በየሰው ኪስ ስታበዛው ነው ማሽኖቿ እንደ አሸን የፈሉት። ዛሬ መጠጥ የሚሸጡት ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ናቸው። አስቀድሞ ዋጋ ያለው ሳንቲም፤ ከዚያ ማሽን። በእኛ በኩል ኑሮ ሲወደድ ሳንቲሙ ዋጋ አጣ። በ2002 ዓ.ም. የተመታው የአንድ ብር ሳንቲም ዛሬ ብቻውን የሚገዛው ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ባለሱቁ መልስ ሲያጣ ማስቲካ ይሰጣችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ቶማስ አዳምስ ሳንቲም ተቀብሎ ማስቲካ ሰጠ፣ የእኛ ባለሱቅ ደግሞ ማስቲካውን ራሱን ሳንቲም አደረገው። በመስኮቴ ቆሞ «እባክህ ወንድሜ ዝርዝር» የማይለኝ ነጋዴ የለም። በቋንቋችን «ዝርዝር» የነገርም የገንዘብም መሆኑ ደስ ይለኛል፤ ሁለቱንም ማንም በቂ አግኝቶ አያውቅም።

በመጨረሻ ማሽኑ ሲመጣ የሚሸጠው ነገር ገንዘብ ራሱ ሆነ። ኤቲኤም ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1967 በሰሜን ለንደን ኤንፊልድ የባርክሌይስ ባንክ ያቆመውን የመጀመሪያውን ማሽን ያሰበው ጆን ሼፐርድ-ባሮን፣ ሐሳቡን ያገኘው ከቸኮላት መሸጫ ማሽን እንደሆነ ራሱ ተናግሯል፤ በቸኮላቱ ቦታ ገንዘብ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 ስምንት ኤቲኤሞችን በአዲስ አበባ ይዞ ጀመረ። ወደ እኛ ከተማ ሲደርስ ብዙ ዓመት አልፏል። አሁን በደመወዝ ሰሞን የኤቲኤሙ ሰልፍ ከእኔ መስኮት ሰልፍ ይረዝማል። ቁጥራቸውን ለማስገባት ጣታቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንቶች ዘወር ብለው በመስታወቱ ውስጥ እኔን ይፈልጋሉ። አንድ ቀን በገቢ ማድረጊያ ወረቀት ጀርባ ይህችን ጻፍሁ፦

ብሩን በጣታችን ስንፈትነው ኖረን፣
ዛሬ ተራው ደርሶት ብር በጣት ፈተነን።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ብሩ ሲቀየርና ሁለት መቶ ብር ሲመጣ፣ በዚያ ሦስት ወር ያረጀውን ብር ስቆጥር አውራ ጣቴ ላይ ያለው ቆዳ ደርቆ ነበር። የአልዩ አምባን ነጋዴ የተረዳሁት ያኔ ነው። ሐሰተኛውን ከዐይኔ ቀድሞ ጣቴ ያውቀዋል። ይህ ዕውቀት ዐሥር ዓመት የፈጀ ነው፤ የሚወርሰው ሰው ግን አይታየኝም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ገንዘቡ አካሉን ጣለ፤ የሚዳሰስ ጠርዝ፣ የሚቆጠር ዕንቁ የለውም። ዛሬ በውጭው ዓለም አዳዲሶቹ ሻጭ ማሽኖች የሳንቲም ቀዳዳ ሳይኖራቸው በስልክና በካርድ ይሠራሉ፤ ውስጣቸው ምን እንደቀረም ለባለቤታቸው ከሩቅ ይናገራሉ። ስለዚህ ሳንቲም ስለሌለን አይመጣም ያልሁት ማሽን አሁን ያለ ሳንቲም ሊመጣ ይችላል። በይፋት በኩል የቀረው አንድ መሰናክል ነው፤ እርሱም ሱቅ በደረቴ።

ከጣርማ በር ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ የሚመጣው የደሴ አውቶቡስ ሸዋ ሮቢት ሲቆም በመስኮቱ ሥር የሚሰበሰቡትን ልጆች ያየ ያውቃቸዋል። ማንጎው በፌስታል፣ ውኃው በባልዲ፣ ማስቲካውና መሐረቡ በአንገት በተንጠለጠለ ሣጥን። ለመብራት አይከፍሉም፤ ሙቀት አያበላሻቸውም፤ መንገደኛው ሲከራከር ይከራከራሉ፤ ሕፃን ሲያለቅስ ካዩ ወደዚያው መስኮት ይሮጣሉ። ይህን የሚሠራ ማሽን የትም ሀገር አልተሠራም። ግን ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ አሁን በሣጥናቸው ፊት በካርቶን ላይ የስልክ ቁጥር ጽፈው ለጥፈዋል። በአንድ የሐሙስ ቀትር ከባንኩ ወጥቼ ቆሜ አየሁ። ሴትየዋ ሁለት ፌስታል ማንጎ በመስኮት ተቀብላ ስልኳን ትነካካለች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ልጁ በግራ እጁ የመስኮቱን ጠርዝ፣ በቀኝ እጁ ስልኩን ይዞ ከአውቶቡሱ ጋር መራመድ ጀመረ፤ ከዚያ መሮጥ። «እናቴ፣ ገና አልገባም!» ይላል። «ልኬዋለሁ ልጄ፣ ልኬዋለሁ!» ትላለች። ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርስ እጁን ለቀቀና ቆመ። አቧራው እስኪያልፍ ጠብቆ ስልኩን ወደ ዐይኑ አስጠጋው።