የካሱቢ ኮረብታ አደራ



ባለፈው ዙር ወረቀታችን ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሲመለስልን በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፎበት አገኘን። «ዘወትር ስለ አገራችን ታሪክ ትጽፋላችሁ፤ ያስጠለለን አገርስ ታሪክ የለውም ወይ?» ይላል። ወቀሳው ተገቢ ነው። እንግዳ ሆኖ የባለቤቱን ዘር ማንዘር አለመጠየቅ በእኛም ልማድ ነውር ነው። ስለዚህ በዚህ ዙር ስለ ካምፓላ ኮረብታዎች፣ ይልቁንም ካሱቢ ስለሚባለው የነገሥታት መቃብር ያየነውንና የተማርነውን እናቀርባለን። የጠቀስናቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከናኪቫሌ በምባራራ አድርገን ወደ ካምፓላ የወጣነው ለጉዳይ ነበር። ጉዳያችን «ነገ ኑ» ተባለ፤ ነገም ሲደርስ እንደዚያው ተባለ። ካባላጋላ ያሳደሩን ወገኖቻችን ቡና አፍልተው አጽናኑንና «ግድግዳ እያያችሁ ከምትተክዙ ኮረብታ ውጡ» ብለው መከሩን። በማግስቱ ማለዳ ሉጋንዳ የሚችል አንድ ወንድማችንን አስከትለን ቦዳ ቦዳ ተሳፈርን።

ካምፓላ ለደገኛ ሰው ባዕድ አትሆንም። ዳገቱን ሲወጡ ሌላ ዳገት ይታያል፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ረግረግ ያገኛሉ። ድሮ በሰባት ኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ትባል ነበር፤ ዛሬ ግን ከሰባቱ አልፋ በብዙ ኮረብታዎች ላይ ተዘርግታለች። ስሟ የመጣው ኢምፓላ ከምትባለው የሚዳቋ ዘመድ ነው። የቡጋንዳ ነገሥታት እነዚህን እንስሳት ያሰማሩበት በነበረው ኮረብታ ላይ ሉጋርድ የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1890 መጨረሻ ምሽግ ሠራ፤ የከተማይቱም ስም ከዚያ ተስፋፋ። ያ ኮረብታ ዛሬ አሮጌ ካምፓላ ይባላል፤ በላዩም ታላቅ መስጊድ ቆሞበታል። በናሚሬምቤ የፕሮቴስታንቶች፣ በሩባጋ የካቶሊኮች ካቴድራል አለ። ኪቡሊ የእስላሞች፣ ማኬሬሬ የተማሪዎች ኮረብታ ነው። መንጎ ደግሞ ካባካ የሚባለው የቡጋንዳ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ያለበት ነው። እያንዳንዱ ኮረብታ የራሱ ባለቤትና የራሱ ታሪክ አለው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የነበሩት ነገሥታት በአንድ ኮረብታ ረግተው አይቀመጡም ነበር። አዲስ ካባካ ሲነግሥ ቤተ መንግሥቱን በሌላ ኮረብታ ላይ ይተክላል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛም ነገሥታት አፄ ፋሲለደስ በ1636 ገደማ ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ ነበር። ከዚያም በኋላ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ወጥተው፣ በ1886 ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባን መሠረቱ። ካምፓላና አዲስ አበባ የዕድሜ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ካሱቢ ከከተማው መሐል 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ካባካ ሙቴሳ ቀዳማዊ በ1882 ቤተ መንግሥቱን ሠራበት፤ በ1884 ሲሞትም እዚያው ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ኮረብታው የነገሥታት መቃብር ሆኖ ቀረ። ዛሬ አራት ካባካዎች ያረፉበት ሲሆን፣ እነርሱም ሙቴሳ ቀዳማዊ፣ ልጁ ምዋንጋ፣ የልጅ ልጁ ዳውዲ ቿ እና የዳውዲ ልጅ ኤድዋርድ ሙቴሳ ናቸው። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅና የልጅ ልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

ዋናው ቤት ሙዚቡ አዛላ ምፓንጋ ይባላል። ክብ የሣር ቤት ነው፤ ነገር ግን የእኛን አገር ጎጆ አታስቡ። ከዳር እስከ ዳር 31 ሜትር ሲሆን፣ የክዳኑ ሣር ከጫፍ ጀምሮ ወርዶ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። በውስጡ ጣሪያውን የያዙ 52 ቀለበቶች አሉ፤ የቡጋንዳን 52 ጎሣዎች ያመለክታሉ። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ወለሉ ላይ ወፍራም ጠጅ ሣር ተጎዝጉዞ በላዩ የዘንባባ ሰሌን ይነጠፋል። ያ ሽታ ለእኛ የዓመት በዓል ሽታ ነው፤ የቡና ረከቦት ብቻ ነው የጎደለው።

ከፊት ለፊት ከዛፍ ልጥ የተሠራ ትልቅ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ስፍራ «ኪቢራ» ማለትም ጫካ ይባላል። መቃብሮቹ ያሉት እዚያ ነው፤ በባጋንዳ እምነት የነገሥታቱ መንፈስ በዚያ ጫካ ውስጥ ይኖራል። ተራ ጎብኚ መጋረጃውን አያልፍም። ቅድስትን አልፎ ወደ መቅደስ መግባት ለካህናት ብቻ እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ነገር ግን ታሪክን ስንጽፍ የሚያምረውን ብቻ መርጠን ብንጽፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ከአራቱ አንዱ ምዋንጋ ወጣቶቹን ክርስቲያኖች ያስገደለ ንጉሥ ነው። ከ1885 እስከ 1887 ባለው ጊዜ 45 ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ የቤተ መንግሥት አሽከሮች ነበሩ። ቻርልስ ልዋንጋና ጓደኞቹ በጁን 3 ቀን 1886 ናሙጎንጎ በሚባል ስፍራ በእሳት ተቃጠሉ። የካቶሊኮቹን 22 ሰማዕታት ሮማ በ1964 ቅዱሳን ብላ አወጀች። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሕዝቡ ከመላው ኡጋንዳ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛንያ፣ ከሩዋንዳና ከኮንጎ ሳይቀር ወደ ናሙጎንጎ ይጎርፋል፤ ብዙው የሚመጣው ለቀናት፣ አንዳንዱም ለሳምንታት በእግሩ ተጉዞ ነው። ግሸን ማርያም በመስከረም 21፣ ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 ስለት ይዞ የተጓዘ ሰው የዚህን መንገድ አቧራ ያውቀዋል። በናሙጎንጎ ያለው የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በባጋንዳ ክብ ጎጆ አምሳል ሲሆን 22 የመዳብ ምሰሶዎች አሉት።

ገዳዩ ንጉሥስ ምን ሆነ? በ1897 በእንግሊዞች ላይ ሸፈተ፤ በ1899 ተማርኮ ሲሼልስ ወደሚባሉት የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ተጋዘ። እዚያም በፕሮቴስታንት ሥርዓት ተጠምቆ ዳንኤል ተባለ፤ በ1903 በግዞት ሞተ። ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ አጽሙ ባሕር ተሻግሮ መጣና በካሱቢ ከአባቱ አጠገብ ተቀበረ።

የልጅ ልጁም ዕድል ከዚህ ብዙ አልራቀም። ኤድዋርድ ሙቴሳን የእንግሊዝ ገዥ በ1953 ከአገሩ አስወጥቶ ለንደን ሰደደው። ሕዝቡ አጥብቆ ስለተሟገተለት በ1955 ተመለሰ፤ ከነጻነት በኋላም የኡጋንዳ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1966 የሚልተን ኦቦቴ መንግሥት ጦር በመንጎ ቤተ መንግሥት ላይ ዘመተ፤ ካባካው በግንብ ዘሎ አመለጠና በብሩንዲ በኩል እንደገና ለንደን ገባ። በ1969 እዚያው ሞተ። አስከሬኑ አገሩ የገባው በ1971 ነው። የቡጋንዳ መንግሥት በ1967 በሕግ ከተሰረዘ በኋላ ልጁ ሮናልድ ሙዌንዳ ሙቴቢ ዘውድ የጫነው በ1993 ነበር። በእነዚያ 26 ዓመታት ንጉሥ አልነበረም፤ በካሱቢ ግን ጠባቂ አልጠፋም።

ይህን ስንሰማ አንድ ልጅ ትዝ አለን። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1868 ከመቅደላ ሲወሰድ የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳትወጣ በመንገድ ሞተች። እሱም በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ኢትዮጵያውያን አጽሙ እንዲመለስ ደጋግመው ጠይቀዋል፤ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት «የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳንነካ ማውጣት አይቻልም» የሚል መልስ ሰጠ። በዚያው ዓመት ግን ከጸጉሩ ተቆርጦ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከአንድ ልጅ የተመለሰልን ጸጉሩ ብቻ ነው።

ወደ ካሱቢ እንመለስ። በ2001 ዩኔስኮ ስፍራውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በማርች 16 ቀን 2010 ሌሊት ግን ትልቁ ቤት በእሳት ጋየ። ሣር፣ ሸምበቆና የዛፍ ልጥ ምን ያህል ይቆያል? ሕዝቡ በግቢው ተሰብስቦ እንደ ሟች አለቀሰ። ከመሬት በታች ያሉት መቃብሮች አልጠፉም፤ ከላይ ያለው ግን ዐመድ ሆነ። ዩኔስኮም በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው።

ዛሬ ቤቱ ቆሟል። ሥራው ብዙ ዓመታት ፈጅቶ በ2023 ስሙ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እንዴት ሊቆም ቻለ? ምሥጢሩ ይህ ነው። በቡጋንዳ ልማድ ሥራው ሁሉ በጎሣ የተከፋፈለ ነው። የነገሥታቱን ቤት የሚከድነው ጉሬዛን መለያው ያደረገው የንጌዬ ጎሣ ነው። ማስጌጡ ነብርን መለያው ያደረገው የንጎ ጎሣ ድርሻ ነው። የልጡን ጨርቅ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው የንጎንጌ ጎሣ ነው። አባት ልጁን ሣሩን እንዴት እንደሚያጭድ፣ እንዴት እንደሚያስር፣ እንዴት እንደሚደራርብ አስተምሮ ስለነበር ቤቱ ሲቃጠል ሙያው አልተቃጠለም። ቀድሞውንም በ1938 ፈርሶ እንደገና ተሠርቶ ነበር። ዕድሜ ያለው ሣሩ ሳይሆን ሙያው ነው።

የልጡ ጨርቅ ነገርም እንዲሁ አስተማረን። ሙቱባ የሚባለው ዛፍ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው። በክረምት የውስጥ ልጡን ይልጡና በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ እንደ ሸማ እስኪለሰልስ ድረስ ያሳሱታል። የተላጠውን ዛፍ ግን ራቁቱን አይተዉትም። ግንዱን በሙዝ ቅጠል ያለብሱታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ ልጥ ያበቅላል። በዚህ ዓይነት አንድ ዛፍ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

በግቢው ካሉት ጠባቂዎች አንዲት አሮጊት ነበሩ። በዚያ ቤት የነገሥታቱ ሚስቶች ማዕረግ በዘመድ ይወረሳል፤ አንዷ ስታልፍ ሌላዋ ትተካለች። ወንድማችን «ጃጃ» እያለ አነጋገራቸው፤ አያቴ ማለት ነው። እኛም እጅ ነሥተን በሰሌኑ ላይ ተቀመጥን። ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ስደተኞች መሆናችንን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የአባቶቻችሁን መቃብር ማን ይጠብቃል ብለው ጠየቁ። ወንድማችን ተርጉሞልን መልሳችንን ጠበቀ። እርስ በርሳችን ተያየን፤ ከመካከላችን አፍ አውጥቶ የመለሰ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋም አላስጨነቁንም፤ ሰሌኑን አስተካክለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያን ጥያቄ ይዘን ሠፈራችን ገባን። አሁንም ሙሉ መልስ የለንም። እዚህ የቀበርናቸው ወገኖች አሉን፤ ሁላቸውም ሳይሞቱ «አጥንቴን ለአገሬ አፈር» ብለው ተናዘዋል። የምዋንጋና የሙቴሳ አጽም የተመለሰው ነገሥታት ስለነበሩ ነው ብንል እውነት ነው። ዓለማየሁም ግን የንጉሥ ልጅ ነበር፤ ዘውድ ብቻውን ሰው አይመልስም። ስለ አጥንት ዛሬ በእጃችን ያለ ነገር ጥቂት ነው። ስለ ሙያው ግን በእጃችን ያለ ብዙ ነው።

ከእኛ መካከል ደመራ ማሠር የሚያውቅ አለ። የከበሮ ቆዳ መወጠር፣ በገና መቃኘት፣ ጎጆ መክደን፣ ፈትል መፍተል የሚችሉ አሉ። በሠፈራችን የተወለዱት ልጆች ግን ጥምቀትን የሚያውቁት በወሬ ነው። እኛ ስናልፍ ይህ ሁሉ ያለ እሳት ይቃጠላል፤ ዐመዱም አይታይም።

ስለዚህ ይህ ወረቀት ሲደርሳችሁ አንብባችሁ ብቻ አታሳልፉት። እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን አንድ ሙያ ወይም የመንደራችሁን አንድ በዓል፣ ከነአሠራሩና ከነቃሉ፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከወረቀቱ ጋር መልሱልን። መጻፍ የማይችል ይናገር፤ ጎረቤቱ ይጻፍለት። ከገጹ ግርጌም ሙያውን ለማን ልጅ እንደምታስተምሩ ስሙን አስፍሩ። ያልተጻፈበት ወረቀት ከመጣ ግን መልሰን እንልከዋለን።

በሚመጣው ዙር እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።