ሁላ፦ ሐይቁ ከደረቀ በኋላ የመጣው ዕዳ

 በ1992 ከ1,700 በላይ ሳይንቲስቶች ተፈጥሮን የምንይዝበት መንገድ ካልተለወጠ መጪው ትውልድ ይጎዳል ብለው ለዓለም ማስጠንቀቂያ ጻፉ። እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ ሩቅ ይመስለናል አይደል? እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት ቲዩል ስላያችሁት ቦታ፣ ስለ ሁላ ነው።

ዮርዳኖስ ወደ ኪኔሬት ከመውረዱ በፊት በዚያ በኩል ሲያልፍ ትልቅ ረግረግና ሐይቅ ነበረ። ቀረን ካየመት ከ1951 እስከ 1958 ቦይ ቆፍሮ አደረቀው። ምክንያቱ ወባና የእርሻ መሬት ነው። እኔ በነዚያ ሰዎች አልፈርድም፤ ወባ ምን እንደሚያደርግ ቆላ ወርደው ያዩት ወላጆቻችን ይነግሯችኋል። ነገር ግን ወባው በመድኃኒት ርጭት ቀድሞ በጣም ቀንሶ ነበር።

የእንስሳት ተመራማሪው ሃይንሪሽ ሜንደልሶንና ባልደረቦቹ ሌላ ቦታ የሌለ ፍጥረት ይጠፋል ብለው ተከራከሩ። የጠየቁት እኮ ብዙ አይደለም፤ ትንሽ ቁራሽ እንዲተርፍ ብቻ ነው። ከዚህ ትግል የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ1953 ተወለደ፤ የተረፈችው ቁራሽም በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያ ጥብቅ ቦታ ሆነች።

የፈሩት ደረሰ፤ ከሁላ ሌላ የትም የማይኖር አንድ የዓሣ ዓይነት ጠፋ። እኔን የሚገርመኝ ግን ዕዳው በዓሣ አለማብቃቱ ነው። የሁላ አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት ውሃ ውስጥ ከተጠራቀመ የበሰበሰ ተክል የተሠራ ነው፣ በዕብራይስጥ ካቩል የሚባለው። ውሃው ሲሄድበት ዱቄት ሆኖ ነፋስ ወሰደው፣ ከውስጥ ሆኖ ነደደ፣ መሬቱም ሰመጠ። አይጥ እርሻውን ወረረ። ከአፈሩ የታጠበው ናይትሬት ደግሞ በዮርዳኖስ በኩል ወደምንጠጣው ኪኔሬት ገባ። ክርክሩ ስለ እንስሳ ነበር፤ የከፈለው ገበሬው ነው።

በ1994 ከፊሉ መሬት ላይ እንደገና ውሃ ለቀቁበት፤ ዛሬ አጋሞን የምንለው ያ ነው። በ1996 ጠፍቷል የተባለው የሁላ እንቁራሪትም በ2011 እዚያው ጥብቅ ቦታ ውስጥ በሕይወት ተገኘ። ያቺ ቁራሽ ባትተርፍ የት ይገኝ ነበር?

በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓጉሮች ሁላ ያርፋሉ። አንዳንዶቹ ጉዞ ቀጥለው እስከ ጣና ይደርሳሉ። ጣናን ደግሞ እምቦጭ የሚባል አረም ወርሮታል፤ እዚያም ተመራማሪዎች እያስጠነቀቁ ነው። የጣናን ነገር በሌላ ዝግጅት እናወራለን። ደህና ሁኑ።