የተሳፋሪ ጫማ ፍተሻ፤ ሰበቡና ምክንያቱ

ታሪክ የምናስተምር ሰዎች በፈተና ወረቀት ላይ ዘወትር ከሚያጋጥሙን ስሕተቶች አንዱ ሰበብንና ምክንያትን አንድ አድርጎ መመልከት ነው። ተማሪው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ በ1914 ሳራዬቮ ላይ የተተኮሰውን ጥይት ጽፎ ያልፋል። ጥይቱ ሰበብ እንጂ ምክንያት አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ እንደክማለን። ለዚህ ትምህርት የሚረዳ፣ ለተማሪው ዘመን የቀረበ ምሳሌ አለን፤ ይኸውም በአሜሪካ አይሮፕላን ማረፊያዎች ተሳፋሪዎችን ጫማ የማስወለቅ ደንብ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰበቡ የታወቀ ነው። ዲሴምበር 22 ቀን 2001 ከፓሪስ ወደ ማያሚ ይበር በነበረ የአሜሪካን ኤርላይንስ አይሮፕላን ውስጥ ሪቻርድ ሪድ የተባለ የእንግሊዝ ዜጋ በጫማው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ በክብሪት ለመለኮስ ሞከረ። የክብሪት ሽታ የሸተታት አስተናጋጅ ደረሰችበት፤ ተሳፋሪዎችም ተረባርበው አሰሩት፤ አይሮፕላኑም ወደ ቦስተን ተመርቶ በሰላም አረፈ። ሪድ በ2003 ዕድሜ ልክ ታሰረ። ይህ ሰው ሙከራውን ካደረገበት ዕለት በፊት በነበረው ቀን ሊሳፈር ሲል ሁኔታው አጠራጣሪ ሆኖ በመገኘቱ በፈረንሳይ ፖሊሶች ሲጠየቅ በረራው አምልጦት ነበር። ፖሊሶቹ ለቀቁት፤ በማግስቱም ተመልሶ ተሳፈረ።

ወደ ምክንያቱ ስንመጣ ግን ታሪኩ ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይመልሰናል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ አይሮፕላን መጥለፍ የተዘወተረ ነገር ሆኖ ነበር። በዲሴምበር 1972 የኢትዮጵያ አየር መንገድን አይሮፕላን ለመጥለፍ የተደረገውና በአየር ላይ በተኩስ ያበቃው ሙከራም የዚያ ዘመን ታሪክ ክፍል ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 1973 ተሳፋሪ ሁሉ እንዲፈተሽ አዘዘች። ያን ጊዜ የሚፈራው ሽጉጥ ወይም ቢላዋ የያዘ ጠላፊ ስለነበር፣ ተሳፋሪው የሚያልፍበት በር የተሠራው ብረት እንዲለይ ነው። የሪድ ፈንጂ ግን ብረት አልነበረም። ስለዚህ ቀዳዳው ሪድ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው። እስከ 2001 ድረስ በአሜሪካ ተሳፋሪ የሚፈትሹት አየር መንገዶች የሚቀጥሯቸው የግል ድርጅቶች ነበሩ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ፣ በኖቬምበር 2001 በወጣ ሕግ ሥራው ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። በመላ አገሪቱ በአንድ ትእዛዝ አንድ ዓይነት ደንብ ማስፈጸም የሚቻለው እንዲህ ያለ አካል ሲኖር ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡ በሪድ ማግሥት አልወጣም። እስከ 2006 ድረስ ብዙ ተሳፋሪዎች ጫማቸውን እንዲያወልቁ ይመከሩ ነበር እንጂ ለሁሉም ግዴታ አልነበረም። ግዴታ የሆነው በኦገስት 2006 ሲሆን፣ የዚያን ጊዜው ሰበብ በእንግሊዝ አገር የተደረሰበት፣ ፈሳሽ ፈንጂ በመጠጥ ጠርሙስ አስገብቶ አይሮፕላኖችን የማፈንዳት ሤራ ነው። እንግዲህ ጫማን የሚመለከተው ደንብ የጠነከረው ከጫማ ጋር ግንኙነት በሌለው ሤራ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል የሪድ አይሮፕላን የተነሣው ከፓሪስ ሆኖ ሳለ፣ በአብዛኞቹ የአውሮፓ አይሮፕላን ማረፊያዎች ጫማ ማውለቅ ለሁሉም ግዴታ አልሆነም። አደጋው አንድ ሲሆን ውሳኔው ተለያየ።

ደንቡ የተሻረውም በአንድ ጊዜ አይደለም። በ2011 ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች፣ በ2012 ደግሞ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያን ጫማ ከማውለቅ ነፃ ሆኑ። በ2011 ለተመረጡ መንገደኞች የተጀመረው ቅድመ ምርመራም ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ለአምስት ዓመት 85 ዶላር ለሚከፍልና ማንነቱ ተጣርቶ ለሚያልፍ ተከፈተ፤ እነዚህም ጫማቸውን እንዳደረጉ ያልፉ ነበር። በዚህ ዓይነት የቀረው ግዴታ ጁላይ 8 ቀን 2025 ተነሣ። ባለሥልጣኖቹ የሰጡት ምክንያት የፍተሻ መሣሪያው መሻሻሉንና ጥበቃው በብዙ ደረጃ መከናወኑን ነው። ተጨማሪ ፍተሻ የሚያስፈልገው ሰው ዛሬም ጫማህን አውልቅ ሊባል ይችላል።

ለሁሉም የታዘዘው ግዴታ ወደ 19 ዓመት ገደማ ኖረ። በእኛ አስተያየት የዚህ ዕድሜ ምሥጢር በአደጋው መጠን ብቻ አይገለጽም። ደንብ የሚያጸና ሹም ተሳፋሪ ቢያጉረመርምበት እንጂ አይጠየቅም፤ ደንብ ያነሣ ሹም ግን በማግሥቱ አንድ ነገር ቢደርስ ተጠያቂ እሱ ነው። በዚህ ፍርሃት የተነሣ ሰበቡ ከተረሳ በኋላም ደንብ ይቀጥላል።

ስለዚህ ይህን ምሳሌ በክፍል ውስጥ ካቀረብን በኋላ፣ ተማሪዎቻችን ከገዛ ትምህርት ቤታቸው ደንቦች አንዱን መርጠው እንዲመረምሩ እናድርግ። መቼ ወጣ? ሰበቡ ምን ነበር? ከሰበቡ በፊት የነበረው ምክንያትስ? ዛሬ የሚጠብቀው ማን ነው? አንዳንዱ ደንብ ተገቢ ሆኖ ይገኛል፤ የአንዳንዱን መነሻ እኛ መምህራንም የማናውቀው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከተማሪዎቻችን ጋር አብረን ብንጠይቅ አናፍርበትም።