የሕዝብ ገንዘብና የመጓጓዣ ምርምር በአውሮፓ፤ ከነዳጅ ችግር ዘመን ወዲህ

በኅዳር ወር 1973 በኔዘርላንድስና በምዕራብ ጀርመን እሑድ እሑድ የግል አውቶሞቢል መንዳት በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ። ሰፋፊዎቹ አውራ ጎዳናዎች ጭር አሉ፤ ሕዝቡም በእግሩና በብስክሌት ተመላለሰባቸው። ምክንያቱ የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ባለፈው ጥቅምት ያወጁት የሽያጭ እገዳና ይህም ያስከተለው የዋጋ ንረት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ በተለይ ካልተመለከተ በቀር፣ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) የዚያው ንረት ማዕበል ጥቂት ወራት ቆይቶ አዲስ አበባ እንደደረሰና በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎችን አድማ እንደቀሰቀሰ ለአንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። በአውሮፓ በኩል ድንጋጤው አንድ ጥያቄ አስነሣ። እስከዚያ ጊዜ የመኪና ሞተር ለፋብሪካው፣ መንገድ ለመሐንዲሱ፣ ባቡርም ለየአገሩ የባቡር መሥሪያ ቤት የተተወ ጉዳይ ነበር። መጓጓዣ ነዳጅ እንዲቆጥብ፣ አየር እንዳይበክልና ሰው እንዳይገድል የሚደረገውን ምርምር ግን ማን ይክፈል?

በ1957 የተፈረመው የሮማ ውል የጋራ የመጓጓዣ መመሪያ እንዲኖር ቢያዝም ስለ መጓጓዣ ምርምር ራሱን የቻለ ሥልጣን አልሰጠም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ከውሉ ውጭ ተጀመረ። በ1971 አሥራ ዘጠኝ አገሮች ኮስት የተባለውን የሳይንስና የቴክኒክ ምርምር መተባበሪያ አቋቋሙ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ፣ ኮስት 30 የሚባለው፣ በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ ነጂውን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለመርዳት የሚያጠና ነበር። ኮስት ለቤተ ሙከራ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ወጪውን የሚሸፍነው ለስብሰባው ሲሆን ምርምሩን እያንዳንዱ አገር በራሱ በጀት ያካሂድ ነበር። ዝግጅቱ ደካማ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የየአገሩ ሊቃውንት ከአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

እውነተኛው ገንዘብ የመጣው ከ1984 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት የአውሮፓ ማኅበረሰብ የመጀመሪያውን የምርምር ማዕቀፍ ፕሮግራም ጀመረ፤ በ1986 ተፈርሞ በ1987 የጸናው የአውሮፓ አንድነት ድንጋጌም ለምርምር ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። የመጀመሪያው ፕሮግራም በጀት 4 ቢሊዮን ኤኩ አይሞላም ነበር (ኤኩ ከዩሮ በፊት የነበረው የሒሳብ ገንዘብ ነው)። ከ2021 እስከ 2027 ለሚዘልቀው ለዘጠነኛው ፕሮግራም፣ ሆራይዘን ዩሮፕ ለሚባለው፣ መጀመሪያ ላይ የተመደበው 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። የገንዘቡን የመግዛት ኃይል መቀነስ ብንቆጥር እንኳ ልዩነቱ ታላቅ ነው። ነገር ግን የገንዘቡ ብዛት ብቻውን ታሪኩን አይነግረንም። የምርምሩን ውጤት የሚቀበል፣ ወደ ሕግና ወደ አገልግሎት የሚለውጥ አካል ባለበትና በሌለበት ቦታ የታየው ፍሬ የተለያየ ነው።

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነው ማስረጃ የፕሮሜቴየስ ታሪክ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን በ1983 ስለ ኅዋ መከላከያ ያወጁት ዕቅድ አውሮፓውያንን በቴክኖሎጂ ወደ ኋላ እንቀራለን የሚል ሥጋት ላይ ጣላቸው። የፈረንሣዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚቴራን ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት በሐምሌ 1985 ፓሪስ ላይ ዩሬካ የተባለው የትብብር ማዕቀፍ ተመሠረተ። የዩሬካ ገንዘብ የሚወጣው ከብራስልስ ሳይሆን ከየአገሩ ግምጃ ቤትና ከፋብሪካዎቹ ነበር። በዚህ ጥላ ሥር የአውሮፓ መኪና ሠሪዎችና ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በ1986 ተጠራርተው ፕሮሜቴየስን ጀመሩ። ዓላማው አደጋ የማይበዛበት፣ ጊዜና ነዳጅ የማይባክንበት የመንገድ ትራፊክ ማስገኘት ነበር። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወደ 750 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ፈሰሰበት።

ከተካፋዮቹ አንዱ በሙኒክ የጀርመን ጦር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ኤርንስት ዲክማንስ ናቸው። ዲክማንስ ወደ መኪና የመጡት ከበረራ ምሕንድስና ነው፤ ቀደም ሲል ያጠኑት ከኅዋ ወደ ምድር የሚመለስ መንኮራኩር የሚጓዝበትን መንገድ ነበር። ይህ መነሻቸው ጠቀማቸው። የዘመኑ ኮምፒዩተር እጅግ ዘገምተኛ ስለነበረ ካሜራው የሚያቀርብለትን እያንዳንዱን ሥዕል ከሥር መሠረቱ እየመረመረ መኪና ሊነዳ አይችልም። ዲክማንስ መሣሪያው መንገዱና ተሽከርካሪው ከቅጽበት በኋላ የት እንደሚገኙ አስቀድሞ እንዲገምት፣ ቀጥሎ የመጣውን ሥዕል ከግምቱ ጋር እንዲያነጻጽር፣ ልዩነቱንም ብቻ እንዲያርም አደረጉ። ልጅ ኳስ ሲቀልብ የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ኳሱ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ይሮጣል። አምስት ቶን የሚመዝነው፣ በኮምፒዩተር የተሞላው የሙከራ መኪናቸው በ1987 ለትራፊክ ገና ባልተከፈተ አውራ ጎዳና ላይ ያለ ሰው እጅ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጓዘ።

በጥቅምት 1994 ሁለት መንታ የመርሴዲስ አውቶሞቢሎች በፓሪስ አጠገብ፣ ትራፊክ በበዛበት ባለ ሦስት ረድፍ አውራ ጎዳና ላይ፣ እንግዶችን አሳፍረው በጠቅላላው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነዱ። ፍጥነታቸው በሰዓት እስከ 130 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ከሁለቱ አንደኛው ከሙኒክ ተነሥቶ ወደ ዴንማርክ ረጅም ጉዞ አደረገ፤ ከመንገዱ 95 በመቶ ያህሉን መሪውን የያዘው ኮምፒዩተሩ ነበር። ሰው ጣልቃ ሳይገባ የተጓዘው ረጅሙ ርቀት 158 ኪሎ ሜትር ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው አስገራሚ ነው። ፕሮግራሙ አበቃ፤ ተከታይም አልተበጀለትም። ፋብሪካዎቹ ከውጤቱ ወዲያው ለገበያ የሚውለውን ወሰዱ፤ ከፊት ካለው መኪና ርቀቱን በራዳር የሚጠብቅ መሣሪያ በ1990ዎቹ መጨረሻ በውድ አውቶሞቢሎች ላይ ታየ። ዋናው ሐሳብ ግን ባለቤት አጣ። የመንገድ ትራፊክን የሚመለከተው የ1968 የቪየና ስምምነት የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ሁሉ ነጂ እንዲኖረው ያዝዛል፤ ኮምፒዩተር መሪ ይይዝ ዘንድ የሚፈቅደው ማሻሻያ የጸናው በመጋቢት 2016 ነው። ከፓሪሱ ትርዒት እስከዚህ ማሻሻያ ድረስ ሃያ አንድ ዓመታት አለፉ። የምርምሩ ገንዘብ ከተለያዩ ግምጃ ቤቶች ሲወጣ ሕጉን እንዲመለከት የታዘዘ አንድም ወገን አልነበረም።

በዚህ መካከል የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ነገሩን በሌላ ዘዴ ያዘው። በ2004 በረሃ ላይ ያለ ሰው ለሚነዳ መኪና 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሰጠ፤ ከሁሉ የተሻለው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ፤ ገንዘቡንም የወሰደ አልተገኘም። በ2005 ሽልማቱ ሁለት ሚሊዮን ሲሆን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 212 ኪሎ ሜትሩን ፈጽሞ አሸነፈ። የቡድኑ መሪ ሴባስቲያን ትሩን ጀርመናዊ ናቸው፤ የዶክተርነት ማዕረጋቸውንም ያገኙት በ1995 ከቦን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2009 ጉግል የጀመረውን የዚህኑ ዓይነት ሥራ የመሩትም እሳቸው ናቸው። አውሮፓ ዘርታ አሜሪካ አጨደች የሚሉ አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ የአሜሪካኖቹ መኪናዎች በሌዘር መሣሪያና በዝርዝር ካርታ ላይ ስለተመሠረቱ ስልታቸው ከዲክማንስ ስልት ይለያል። ይሁንና የተማረው ሰው ሥራው ወዳለበት መሄዱ አያከራክርም።

የባቡሩ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። በአውሮፓ ውስጥ ከሃያ የሚበልጡ፣ እርስ በርሳቸው የማይግባቡ የባቡር ምልክትና ቁጥጥር ሥርዓቶች ነበሩ። ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ኮሎኝንና አምስተርዳምን የሚያገናኘው ታሊስ ባቡር ሰባት ዓይነት የቁጥጥር መሣሪያ ተሸክሞ ይሄድ ነበር። ከ1989 ጀምሮ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሥርዓት ለማበጀት በማኅበረሰቡ ገንዘብ ጥናቱ ተካሄደ። የተገኘው መሣሪያ በሐዲዱ ላይ ከሚተከል ምልክት ሰጪና ከሬዲዮ መልእክቱን ተቀብሎ ለነጂው የተፈቀደለትን ፍጥነት ያሳያል፤ ካለፈም ባቡሩን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ውጤቱን የሚቀበል ሕግ ነበረ፤ በ1996 የወጣው መመሪያ ፈጣን ባቡሮች ከአገር ወደ አገር ያለ እንቅፋት እንዲያልፉ የሚያስገድድ ነው። ሆኖም መቀበል ማለት መፈጸም አይደለም። የአውሮፓ የሒሳብ መርማሪዎች ፍርድ ቤት በ2017 ባወጣው ዘገባ እስከ 2016 መጨረሻ መሣሪያው የተተከለው ከዋና ዋናዎቹ መስመሮች በ8 በመቶው ላይ ብቻ መሆኑን ገለጠ። ያረጀው መሣሪያ ገና እየሠራ ሳለ አዲሱን መግዛት ለየአገሩ የባቡር ድርጅት ትርፉ ሩቅ፣ ወጪው ግን ቅርብ ሆነበት።

ስለ አየር ብክለት የሚነገረው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝናል። በሰሜን ኢጣልያ ኢስፕራ በምትባል ቦታ የኮሚሽኑ የጋራ ምርምር ማእከል አለ፤ ደመወዙም ቤተ ሙከራውም በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ነው። የማእከሉ ተመራማሪዎች በመኪናው ላይ የሚጫን ተንቀሳቃሽ መለኪያ ይዘው የናፍጣ አውቶሞቢሎችን በእውነተኛ መንገድ ላይ ፈተኑ። በ2011 ያወጡት ጥናት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ በአማካይ ከተፈቀደው መጠን ከሁለት እስከ አራት እጥፍ እንደሚወጣ አመለከተ። በፋብሪካው ፈተና ላይ ግን እነዚሁ መኪናዎች ያልፉ ነበር። ጥናቱ ታትሟል፤ የተደበቀም ነገር አልነበረም። አራት ዓመታት አለፉና በመስከረም 2015 የፎልክስዋገን ማጭበርበር በአሜሪካ ተጋለጠ፤ ፈተና ላይ መሆኑን የሚያውቅ ፕሮግራም የተገጠመባቸው መኪናዎች በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን ኩባንያው ራሱ አመነ። በአውሮፓ በመንገድ ላይ የሚደረግ ፈተና ለአዳዲስ የመኪና ዓይነቶች ግዴታ የሆነው ከመስከረም 2017 ጀምሮ ነው። በነዚህ ዓመታት የከተማ ነዋሪው የተነፈሰውን ማንም መልሶ ሊያወጣለት አይችልም።

በሃይድሮጂን የሚሄዱት አውቶቡሶች ጉዳይ አጭር ነው። ከ2003 ጀምሮ ሃያ ሰባት አውቶቡሶች በዘጠኝ ከተሞች፣ በአምስተርዳም፣ በባርሴሎና፣ በሐምቡርግ፣ በለንደን፣ በሉክሰምበርግ፣ በማድሪድ፣ በፖርቶ፣ በስቶክሆልምና በሽቱትጋርት፣ ለየከተማው ሦስት ሦስት ሆነው ተሰማሩ። ከጭስ መውጫቸው የሚወጣው የውኃ እንፋሎት ብቻ ነበር። ከተጠበቀው በላይ ጸኑ፤ ነገር ግን ሃይድሮጂን በብዛት የሚበሉ ሆኑ። በ2017 የጀመረው ተከታይ ፕሮግራም ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ አውቶቡሶችን ለማሰማራት የታቀደ ሲሆን የአዲሶቹ የነዳጅ ፍጆታ ከቀድሞዎቹ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሆኖም በዚያው ጊዜ በባትሪ የሚሠራው አውቶቡስ በዋጋ ቀደማቸው። የፈረንሣይዋ ሞንፔሊዬ ከተማ ልትገዛቸው የነበሩትን 51 የሃይድሮጂን አውቶቡሶች በጥር 2022 ተወች፤ የማንቀሳቀሻ ወጪያቸው ከኤሌክትሪኮቹ ስድስት እጥፍ ይሆናል በሚል ምክንያት። ይህን ውድቀት ማለት አይገባም። ከተማዪቱ ሒሳቡን ልታሰላ የቻለችው ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሎች ከፍለው ስለፈተኑት ነው።

ዛሬ ገንዘቡ የሚሰጥበት ሥርዓት ከነዚህ ገጠመኞች ብዙ የወሰደ ይመስላል። ከ2014 እስከ 2020 በነበረው ፕሮግራም ለንጹሕ፣ ለብልህና ለተቀናጀ መጓጓዣ 6.3 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ተመድቦ ነበር። በሆራይዘን ዩሮፕ ውስጥ መጓጓዣ ከአየር ንብረትና ከኃይል ጋር በአንድ ክፍል ተጠቃሏል። ኮሚሽኑ ጥሪ ያወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት የተለያዩ አገሮች የመጡ ቢያንስ ሦስት ተቋማት ተባብረው ያመለክታሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የግድ የኅብረቱ አባል አገር ተቋም መሆን አለበት። ገለልተኛ ሊቃውንት ማመልከቻውን በሦስት ነገሮች ይመዝኑታል፤ በሳይንሳዊ ብቃቱ፣ በሥራው አፈጻጸም ዝግጅትና ውጤቱ በማን እጅ ገብቶ ምን እንደሚለውጥ በሚሰጠው መግለጫ። ለንጹሕ ምርምር ወጪው በሙሉ ይሸፈናል፤ ወደ ገበያ ለቀረበ ሥራ ግን ትርፍ ለሚያገኝ ድርጅት የሚሰጠው እስከ 70 በመቶ ነው።

ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚገኙ ተቋማትም በብዙዎቹ ጥሪዎች ገብተው የገንዘቡ ተካፋይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ከነዚህ ይቆጠራሉ። ነገር ግን ግዴታ ከሆኑት ሦስት ተቋማት እንደ አንዱ አይቆጠሩም፤ በአራተኛነት ወይም ከዚያ በኋላ ይገባሉ እንጂ።