ማትሪክ ያሳደገው ወላጅ በአሜሪካ ኮሌጅ ደጅ

በአሜሪካ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ግራ የሚጋባው በቋንቋ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ያደገበት ሥርዓት ሌላ በመሆኑም ጭምር ነው። እሱ በተማረበት ዘመን ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በማትሪክ ነበር። ውጤት የመጣለት ይገባል፤ ያልመጣለት ይቀራል። የገባውም ለትምህርቱ አይከፍልም ነበር፤ የወጪ መጋራት የመጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። «ስኮላርሽፕ» ሲባል ደግሞ በንጉሡ ዘመን ወደ አሜሪካና እንግሊዝ፣ በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ኩባ የሚላኩ ተማሪዎች ዕድል ማለት ነበር።

ይህን የሚያውቅ ወላጅ «ልጄ አንደኛ ካልወጣ ስኮላርሽፕ የለም» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁንና ይህ ድምዳሜ ቤተሰብን ላላስፈላጊ ዕዳ ሊዳርግ ይችላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የአሜሪካ ኮሌጆች በር እንዴት እንደተሠራ መመልከት ይበጃል።

ፈተናና «ጠባይ»

ኤስ ኤ ቲ የተባለው ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1926 ሲሆን የተፈተኑት ስምንት ሺህ ያህል ነበሩ። በ1930ዎቹ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንት ከታወቁት የሀብታም ትምህርት ቤቶች ውጭ ያሉ ጎበዝ ልጆችን ለመፈለግ ለስኮላርሽፕ መምረጫ ተጠቀሙበት። ይህ ለማትሪክ ወላጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዳ የሚሆንበት ሌላው መመዘኛ ነው። በ1920ዎቹ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ፈተናውን እያለፉ ወደ ሃርቫርድ በብዛት ሲገቡ፣ የጊዜው ፕሬዚዳንት ሎውል በ1922 ቁጥራቸው እንዲገደብ ሐሳብ አቀረቡ። ግልጽ ኮታ ተቃውሞ ገጠመው። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ግን ስለ «ጠባይ» እና ስለ ቤተሰብ መጠየቅ፣ ፎቶግራፍ፣ ቃለ መጠይቅና የድጋፍ ደብዳቤ መፈለግ ጀመሩ። ዛሬ ዓላማው ቢለወጥም ከውጤት ውጭ የመመዘን ልማድ ቀርቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ዘርን መመዘኛ ማድረግን ሲከለክል እንኳ ተማሪው ስለ ሕይወቱ የሚጽፈውን ድርሰት አልከለከለም።

ስለዚህ በሁሉም ትምህርት «ኤ» ያገኘ ልጅ በታወቀ ኮሌጅ ተቀባይነት ሲያጣ የተደበቀ ጥፋት አለ ማለት አይደለም። በአንጻሩ ለአያቱ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉም ወይም ከትምህርት በኋላ ሠርቶ ቤት የሚደጉም ልጅ ይህን ሊጽፈው ይገባል። በእኛ ቤት ይህ ግዴታ እንጂ ሙያ ተብሎ ስለማይቆጠር ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል።

ያለ ውድድር የሚከፈተው በር

በ1944 ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወታደሮች በወጣው ሕግ 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኮሌጅ ገቡ። ገንዘቡ የተሰጣቸው ተወዳድረው አልነበረም፤ መብታቸው ነበር። በ1954 ኮሌጆች የቤተሰብን አቅም በአንድ ዓይነት ስሌት የሚለኩበት አሠራር ተቋቋመ። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ራሳቸው በተማሩበት የቴክሳስ ኮሌጅ ተገኝተው የከፍተኛ ትምህርት ሕግን ፈረሙ። በ1972 ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች የማይመለስ ዕርዳታ ተፈቀደ፤ ይህም በ1980 በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም «ፔል ግራንት» ተባለ። በሱዳን በኩል የመጡ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ወደዚህ አገር ያስገባው የስደተኞች ሕግም የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ፔል ግራንት የክፍል ደረጃን አይጠይቅም። ዜግነት ባያገኙም ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በስደተኛነት የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸውም ያመለክታሉ። ስማቸው የሚያስፈራው የአይቪ ሊግ ኮሌጆችም ለውጤት ብለው ስኮላርሽፕ አይሰጡም፤ ዕርዳታቸው በቤተሰብ አቅም የሚለካ ነው። በዚህም የተነሣ በወረቀት ላይ ውድ የሆነው ኮሌጅ ለታክሲ ነጂ ቤተሰብ ከመንግሥት ኮሌጅ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የወላጅ ፊርማ

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ፋፍሳ የተባለው፣ በ1992 ሕግ የመጣው ነጻ ፎርም ነው። ፎርሙ የወላጅን ገቢና ሀብት ይጠይቃል። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየ ሰው ያለውን ለመንግሥት መጻፍ ቢፈራ ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። እዚህ ግን ጉዳቱ የሚመጣው ከዝምታው ነው። ወላጅ ካልፈረመ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን ይቀራል፤ የሚገባውን ዕርዳታም ያጣል።

ኮሌጁ የሚልከው ደብዳቤም በጥንቃቄ ይነበብ። የማይመለሰው ዕርዳታና የሚመለሰው ብድር ጎን ለጎን ተጽፈው በአንድ ድምር ሊቀርቡ ይችላሉ። ከ1980 ጀምሮ ያለው «ፕላስ» የተባለው ብድር ደግሞ ወላጁ በራሱ ስም የሚሸከመው ዕዳ ነው።

ፎርሙ አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ይከፈታል፤ በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። ልጁን ኮሌጅ ያስገባ ቤተሰብ በዕቁቡ፣ በዕድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሆነ በመስጊዱ ገና ያልደረሰበትን ወላጅ የታክስ ወረቀቱን ይዞ እንዲመጣ ጋብዞ አንድ ምሽት አብሮት ቢቀመጥ፣ ከብዙ ዓመት ዕዳ ያድነዋል።