ሕመሙ የሚገኝበት የአንጀት ክፍል እና በሕክምና ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ

ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፤ እነርሱም አልሰረቲቭ ኮላይቲስ እና ክሮንስ ናቸው። ሁለቱም የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ እና የክብደት መቀነስ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በአንድ መድኃኒት ሁሉም ታካሚ እኩል አይሻለውም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕመሙ የሚገኝበት ቦታ ነው።

አልሰረቲቭ ኮላይቲስ

ይህ ሕመም ትልቁን አንጀት ያጠቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንጀት መጨረሻ ጀምሮ ወደ ላይ ይዘልቃል።

• በአንጀት መጨረሻ ብቻ ሲወሰን፦ በፊንጢጣ የሚገባ ሜሳላዚን ከሚዋጠው የተሻለ ውጤት ይሰጣል።
• በግራ በኩል ያለውን የአንጀት ክፍል ሲይዝ፦ በፊንጢጣ የሚሰጠውን ፈሳሽ መድኃኒት ከሚዋጠው ጋር አጣምሮ መውሰድ ይመረጣል።
• ከዚያ በላይ ሲሰፋ፦ የሚዋጥ መድኃኒት የግድ ያስፈልጋል። ሕመሙ ሲጠና ተኝቶ መታከም ሊያስፈልግ ይችላል።

ክሮንስ

ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ማንኛውንም ክፍል ሊይዝ ይችላል።

• የትንሹ አንጀት መጨረሻ፦ ሰልፋሳላዚን ሥራውን የሚጀምረው በትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ሲከፋፈል በመሆኑ እዚህ ቦታ ላይ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። በቦታው የሚሟሟ ቡዴሶናይድ ሊታዘዝ ይችላል። አንጀቱ በጠባሳ ከጠበበ መድኃኒት ብቻውን ስለማይበቃ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።
• ትልቁ አንጀት፦ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ላሉ መድኃኒቶች የሚሰጠው ምላሽ በአጠቃላይ የተሻለ ነው።
• የፊንጢጣ ዙሪያ፦ መግል ካለ በቅድሚያ ሊወጣ ይገባል።

ሕክምና ከመጀመሩ በፊት

የአንጀት ቲቢ በብዛት የሚታየው ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ ክሮንስም የሚያዘወትረው በመሆኑ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። ቲቢ መኖሩ ሳይጣራ እንደ ፕረድኒሶሎን ወይም ኢንፍሊክሲማብ ያሉ መድኃኒቶችን መጀመር ቲቢውን ሊያባብስና ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል። አሜባም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። በቦርከና ወንዝ አካባቢ ከውኃው ጋር ንክኪ ላላቸው ሰዎች የቢልሃርዝያ ምርመራም ሊታሰብ ይገባል። በመሆኑም የሰገራ ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒ እና የአንጀት ናሙና ምርመራ አስፈላጊ ናቸው።

በደሴ እና በኮምቦልቻ አገልግሎት ለማግኘት

1. ተቅማጡ ከአራት ሳምንት ከበለጠ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።
2. ጤና ጣቢያው የሪፈራል ወረቀት ሲሰጥ ታካሚው እንደ ሁኔታው ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ሆስፒታሉ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ሪፈራሉ እስከ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል።
3. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት መታወቂያቸውን እና የሪፈራል ወረቀቱን መያዝ አለባቸው።
4. የቀድሞ የኮሎኖስኮፒ ውጤት ካለ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ሕመሙ የታየበትን የአንጀት ክፍል ስለሚገልጽ ለመድኃኒት ምርጫ ወሳኝ ነው።

ማሳሰቢያ

ፕረድኒሶሎንን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። አንድ መድኃኒት ለሌላ ሰው መስማማቱ ለሁሉም ይስማማል ማለት ስላልሆነ መድኃኒት መዋዋስ አይገባም። ብዙ ደም መፍሰስ፣ የሆድ መነፋት ከትውከት ጋር ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።